የብሬሶን «የገጠር ቄስ ማስታወሻ» (1951)፦ የአማርኛ ሰብታይትል ላይ የሚያስቸግሩ ቦታዎች

ድንግዝግዝ ጠየቀ፦

የፈረንሳዊውን ዳይሬክተር የሮቤር ብሬሶንን «የገጠር ቄስ ማስታወሻ» ወደ አማርኛ ሰብታይትል እየመለስኩ ነው። መነሻዬ የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ሲሆን ፈረንሳይኛውን በጆሮ እየተከታተልኩ አርማለሁ። ፊልሙን ደጋግማችሁ ያያችሁ እዚህ ስላላችሁ አራት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛው የተራኪው ድምፅ ነው። ወጣቱ ቄስ በደብተሩ ይጽፋል፤ የሚጽፈውን ራሱ በድምፅ ያነብልናል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ሲያደርግ እናየዋለን። ተመልካቹ አንዱን ነገር በእጅ ጽሑፍ፣ በድምፅና በምስል ካገኘው በሰብታይትል መድገሙ ያሰለቻል? በምስሉ የሚታየውን ከትርጉሙ ብቀንስስ?

ሁለተኛው አጠራር ነው። ሰዎቹ የሚጠሩበት «ሙስዩ ለ ኩሬ» በአማርኛ ቄስ፣ ካህን፣ አባ ወይስ ቆሞስ ይባል? ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» ይበል? እንግሊዝኛው ይህን አይነግረኝም።

ሦስተኛው ቄሱ ሲሞት የሚናገረው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ «ቱ ቴ ግራስ» የሚለው ነው። አሁን የጻፍኩት «ምን ይደረግ፣ ሁሉም በጸጋ ነው» ይላል፤ አልረጋልኝም።

አራተኛው የፋይሉ ጉዳይ። ሲጀምር ከድምፁ ጋር ይገጥማል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላው ምንም ያህል እስከማይቀረው ድረስ ይዘገያል። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ፍሬም24፦

ከአራተኛው ልጀምር፤ ሰዓቱ ካልገጠመ የቃል ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፊልሙ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲጫወት 115 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ለአውሮፓ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ የሚዘጋጀው ቅጂ ግን በ25 ፍሬም ስለሚሄድ ያው ፊልም ወደ 110 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። አንዱ ደቂቃ 57.6 ሴኮንድ ሆነ ማለት ነው። የእርስዎ ሰብታይትል ለ24 ፍሬም ተሠርቶ ቪዲዮው የ25 ከሆነ በየደቂቃው 2.4 ሴኮንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ 24 ሴኮንድ፣ መጨረሻው ላይ ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ። የገለጹት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰዓቱን በሙሉ በመግፋት ነው። በመግፋት አንዱ ቦታ ሲገጥም ሌላው ይላቀቃል። መደረግ ያለበት ማባዛት ነው፤ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያውን ከፍተው ከ24 ወደ 25 ያድርጉት፣ እያንዳንዱ ሰዓት በ0.96 ይባዛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ሰብታይትሉ የሚቀድም ከሆነ ብዜቱ 1.0417 ነው። ቪዲዮው 23.976 ፍሬም ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እስከ መጨረሻው ተጠራቅሞ 7 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ያንን አይታ ገና በመጀመሪያ የምታስተውል ዓይን ጥቂት ናት፣ ግን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያበላሻል። ሲጨርሱ ሁለት ቦታ ይፈትሹ፦ ደብተሩ ተከፍቶ ድምፁ መናገር የሚጀምርበትንና የመጨረሻውን ቃል። ሁለቱ ገጥመው መሀሉ ካልገጠመ ቅጂው የተቆረጠ ነገር አለው።

ስለ ሳጥኑ፦ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። በፊደሉ ፈንታ የተዘባረቀ የላቲን ምልክት ከመጣ ፋይሉ የተቀመጠበት ኮድ ነው የተሳሳተው፤ በዩቲኤፍ-8 መልሰው ያስቀምጡት። ባዶ ሳጥን ከመጣ ግን ኮዱ ትክክል ነው፣ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። የዚህን ጊዜ ኮድ ቢቀያይሩ ምንም አይለወጥም። ፎንቱን ኤምኬቪ በሚባለው የቪዲዮ ፋይል ውስጥ አብሮ ማስገባት በኮምፒውተር ማጫወቻ ይሠራል፣ ብዙ ቴሌቪዥን ግን የገባለትን ፎንት አያነብም። አስተማማኙ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው። ከማተምዎ በፊት ኤስአርቲውን (የሰብታይትሉን ፋይል) ለብቻ ያስቀምጡ፤ ከታተመ በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ለማረም ቪዲዮውን እንደገና መሥራት ነው።

ለዚህ ፊልም ብቻ የምላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ምስሉ 1.37 በ1 ነው፤ ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው። ቴሌቪዥኑ እንዲለጥጠው አይፍቀዱ፤ የወጣቱ ቄስ ፊት ጠባብና የጠወለገ መሆኑ የፊልሙ ግማሽ ነው። ጽሑፉም ወደ ጥቁሩ ጎን መውጣት የለበትም፣ ስለዚህ መስመሩ አጭር ይሁን፦ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በመስመር ከ28 ፊደል የማይበልጥ። ፊደላችን አንዱ ሁለት የላቲን ሆሄ ያህል ስለሚሸከም ይበቃል። በሴኮንድ 11 ወይም 12 ፊደል ላይ ይቁሙ።

ቀለሙ ነጭ ከሆነ ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ይስጡት። ሌዮንስ-አንሪ ቢዩሬል ያነሣው ምስል በግራጫ ሰማይ፣ በጭጋግና በነጭ የደብተር ገጽ የተሞላ ነው፤ ጠርዝ የሌለው ነጭ ፊደል በዚያ ውስጥ ይጠፋል። ከጽሑፉ ኋላ ጥቁር ሳጥን ማስቀመጥ ግን አይሆንም፣ የሚጽፈውን እጅ ይሸፍነዋል። የተራኪውን ድምፅ ለመለየት ፊደሉን አያዝምሙት። ግዕዝ ፊደል የተዘመመ መልክ የለውም፣ ፕሮግራሙ በግድ ሲያጋድመው እግሮቹ ይጋጫሉ። ተራኪው የሚጀምርበት ሰብታይትል ላይ « ከፍተው የሚያልቅበት ላይ » ይዝጉ።

ባለ ነጠላ ሰረዝ፦

ስለ አጠራሩ። «ቄስ» ለርዕሱ ይሁን፤ ለጥሪ ግን «አባ» ይሻላል። ምክንያቱ ማዕረጉ ብቻ አይደለም። «ቄስ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ ሚስትና ልጆች ያሉትን ካህን አብሮ ያስባል። የዚህ ሰው ብቸኝነት ደግሞ ሳያገቡ መኖር ግዴታ ከሆነበት የላቲን ሥርዓት ጋር የታሰረ ነው፤ ክህነቱን ትቶ ሊል ከተማ ከሴት ጋር የሚኖረው የድሮ ጓደኛው ዱፍሬቲ ትርጉም የሚኖረው ይህ ሲታወቅ ነው። «አባ» የሚለው ሌላም ጥቅም አለው፦ ፊልሙ ውስጥ ለዋናው ሰው ስም አልተሰጠውም። «አባ» ስም ሳይከተለው ሲቀር ያ ጎዶሎነት ራሱ ይሰማል። «አባታችን» አይበሉ፤ የሚያገለግልበት መንደር፣ የአምብሪኩር ሰዎች ለእርሱ ያን ያህል ሙቀት የላቸውም። «ቆሞስ» ለፈረንሳይኛው «ኩሬ» ትክክለኛ አቻ ነው፤ የአንድ ቁምስና ኃላፊ ካህን ማለት ስለሆነ ወጣቱን የሚመክረውን የጎረቤት ቁምስና ሽማግሌ ካህን «የቶርሲው ቆሞስ» ቢሉት ያምራል፣ ሁለቱም አይምታቱም። የሚያስተዳድረውን ምዕመን «ደብር» ከማለት «ቁምስና» ይበሉ፤ ደብር ሕንፃውን ያስቀድማል። የመንደሩን ባላባትና ሚስቱን የሚጠሩበትን ኮንትና ኮንቴስ እንዳሉ ይተዉአቸው፣ በእኛ ማዕረግ አይተኩ።

የአክብሮቱን ነገር ከድምፁ ያዳምጡ፤ «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) እና «ቩ» (እርስዎ) በጉልህ ይሰማሉ። ነገር ግን ቃል በቃል አይመልሱ። ቄሱ ለኮንቴሷ ልጅ ለሻንታል «ቩ» ቢላትም የአሥራዎቹ ልጅ ናትና በአማርኛ «አንቺ» ካላላት ካህንና ተናዛዥ አይመስሉም። ኮንቴሷና እርሱ ሁለቱም «እርስዎ» ይባባሉ፤ ጸብ በሚመስለው ክርክር መሀል እንኳ አይላቅቁት፣ የንግግሩ ስለት ያለው ጨዋነቱ ውስጥ ነው። የቶርሲው ቆሞስ «አንተ»፣ ደስ ሲለው «ልጄ»። ዱፍሬቲ የዘርዓ ክህነት ጓደኛ ነውና «አንተ»።

አንድ ቦታ ግን ፈረንሳይኛውን መከተል ስሕተት ይሆናል። ቄሱ ኮንቴሷን የአባታችን ሆይን ቃል እንድትደግም ሲያደርጋት የሚሰማው «መንግሥትዎ ትምጣ» የሚል ዓይነት በ«ቩ» የተነገረ ነው። የፈረንሳይ ካቶሊኮች እስከ 1966 ድረስ ጸሎቱን በዚያ መልክ ይደግሙት ስለነበር ለእነርሱ ተራ ነገር ነው። በአማርኛ «መንግሥትህ ትምጣ» ብቻ ነው የሚሆነው፤ ተመልካቹ በልቡ የሚያውቀው ቃል ካልመጣ የሴትየዋ መሸነፍ አይሰማውም።

በእንግሊዝኛ በኩል መምጣት የሚያስከትላቸው ወጥመዶች አሉ። ትልቁ «አጎኒ» ነው። ቄሱ የቅዱሱ «አጎኒ» እስረኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ቦታውም ሁልጊዜ የደብረ ዘይት አትክልት ስፍራ እንደሆነ። እንግሊዝኛው «ስቃይ» ወደሚለው ይገፋፋዎታል። ፈረንሳይኛው ግን የነፍስ መውጫ ትግል ነው፣ እኛም ለዚያ የተሰጠ ቃል አለን፦ ጣር። «የቅዱሱ ጣር እስረኛ» ይበሉት። በፊልሙ ውስጥ በሆድ ካንሰር እየሞተ ሳለ ሳያውቀው የሚናገረው ስለሆነ «ጣር» በአንድ ቃል ሁለቱንም ይይዛል።

ሐኪሙ ዴልባንድ እርሱን፣ የቶርሲውን ቆሞስና ራሱን በአንድ ዘር ሲመድባቸው የሚለው «ቆሞ የሚቀር» ዘር ነው። «ጽኑ» ወይም «ታጋሽ» አይበሉት። ሐኪሙ ራሱ ቆሞ ሳይቀር በጥይት ሞቶ ስለሚገኝ «መቆም» የሚለው ሥጋዊ ቃል ያስፈልጋል። ወጣቱም በሜዳ ላይ የሚወድቀው እኮ በዚያው አካል ነው።

የኮንቴሷ የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ ይጠንቀቁ። የሞተ ትንሽ ልጅ ትዝታ በአስፈሪ ብቸኝነት ይዟት እንደነበረ፣ ሌላ ልጅ ደግሞ ከዚያ ያወጣት እንደሚመስላት ትጽፋለች። ሁለተኛው ልጅ ቄሱ ነው። መጀመሪያ «ሕፃን» ቀጥሎ «ወጣት» ካሉ ደብዳቤው ፈረሰ። ሁለቱንም ጊዜ «ልጅ» ይሁን፤ አማርኛው እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይመቻል።

ስለ ኃጢአት ስርየት ሲሆን «ፍትሐት» የሚለውን ቃል ይሽሹት። በትክክለኛ ትርጉሙ መፍታት ቢሆንም የሚሰማው ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት ነው፤ በሞት ታሪክ ውስጥ ደግሞ ግራ መጋባቱ አይቀርም። «ከኃጢአቴ ፍታኝ» ይበቃል። «ኑዛዜ»ም ብቻውን ሲቆም የውርስ ወረቀት ይመስላል፣ «ንስሐ» ይጨምሩበት።

የማታ ተመልካች፦

በተራኪው ድምፅ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ አንዲት ቃል አይቀንሱ። መቀነስ ካለበት ከንግግሩ ይቀነስ።

ድግግሞሹ የዳይሬክተሩ መዘንጋት አይደለም። ፊልሙ የተሠራው ከዦርዥ ቤርናኖስ የ1936 ልቦለድ ነው፣ ልቦለዱም ከመጨረሻው ደብዳቤ በቀር ማስታወሻ ደብተር ነው። ብሬሶን ብዙ ገጽ ቆርጦ ጥሏል፤ ያስቀረውን ግን በራሱ ቃል አልተካም። የፊልም ሐያሲው አንድሬ ባዛን ፊልሙ በወጣበት ዓመት «ካዬ ዱ ሲኔማ» በተባለው የፊልም መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ብሬሶን መጽሐፉን የሚያየው ካሜራ ፊት እንደተቀመጠ ገሃድ ነገር ነው። ስለዚህ ድምፁ ምስሉን አይገልጽም፣ ምስሉም ለድምፁ ማስረጃ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ነው የሚያሳምመው። ሰውየው የጻፈው አንድ ነገር፣ ፊቱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ሲሆን ተመልካቹ የሚያነበው ሰብታይትል ከሌለው ክፍተቱን አያየውም።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። እጁ ሲጽፍ ድምፁ አብሮ ካነበበ ለድምፁ ብቻ ሰብታይትል ይስጡ፣ ለገጹ አይድገሙ። ድምፅ የሌለው ጽሑፍ ብቻ ሲታይ፣ ለምሳሌ ቁምስናውን ለቆ እንዲሄድ «በጎ አሳቢ» ነኝ ባይ የላከችለት ስም የለሽ ደብዳቤ፣ ሙሉውን ይተርጉሙ፤ በኋላ የእጅ ጽሑፉን ጸሎት መጽሐፍ ላይ አይቶ የሻንታል አስተማሪ የሉዊዝ መሆኑን የሚለይበት ትዕይንት በዚህ ላይ የቆመ ነው። ድምፁ በሁለት ሰዎች ንግግር ላይ ተደርቦ ሲመጣ ቅድሚያው ለድምፁ ነው። ምስሉ እየደበዘዘ ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ ጽሑፉ አብሮ አይሻገር፤ ድምፁ ካላለቀ በቀር ከመደብዘዙ በፊት ይጥፋ።

ቃለ አጋኖ የሚባለውን ምልክት ከፋይሉ ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ቄሱን የሚጫወተው ክሎድ ሌዱ ቃሉን ሜዳ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ ድምፁ አይነሣም አይወድቅም። ኮንቴሷ የሞተ ልጇን መታሰቢያ የያዘውን የአንገት ማዕተብ እሳት ውስጥ ስትወረውርና እርሱ እጁን ሰዶ ሲያወጣው እንኳ ጩኸት የለም። ያንኑ ትዕይንት ሲሠሩ ውጭ አትክልተኛው ቅጠል ሲጠርግ የሚሰማውን ጭርጭርታ ያዳምጡት። ለሚሰማ ተመልካች በጽሑፍ መግለጽ አያስፈልግም፤ ግን ያ ድምፅ ብቻውን በሚሰማበት ቅጽበት ሰብታይትል ቆይቶ እንዳይሸፍነው። መስማት ለተሳናቸው ሌላ ፋይል ካዘጋጁ ያኔ ይጻፍ።

ስለ ዳቦውና ወይኑም እንዲሁ፣ የግርጌ ማብራሪያ አይጨምሩ። ሆዱ ሌላ ነገር ስለማይቀበል ስኳር የገባበት ርካሽ ወይን ጠጅና ደረቅ ዳቦ ነው የሚበላው፤ መንደሩ ሰካራም ይለዋል፣ የሚያውቅ ተመልካች ቁርባኑን ያስባል። ሁለቱም እንዲታሰብ ነው የተተወው።

ድንግዝግዝ፦

የፍሬሙ ነገር ተፈታ፤ ቪዲዮዬ 110 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነው፣ ወደ 25 ስቀይረው ሁለቱም ጫፍ ገጠመ። ሻንታልን ወደ «አንቺ»፣ ስቃዩን ወደ «ጣር» መልሻለሁ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። «ሁሉም በጸጋ ነው» ስሕተቱ ምንድን ነው?

ባለ ነጠላ ሰረዝ፦

ሁለት ስሕተት አለው፣ አንዱ በመጀመሪያው ግማሽ፣ ሌላው በሁለተኛው።

«ምን ይደረግ» የተስፋ መቁረጥ ቃል ነው፤ ሰው የማይለወጥ ነገር ሲገጥመው እጁን አጣጥፎ የሚለው። እዚህ ቄሱ የሚመልሰው ለተወሰነ ጥያቄ ነው። የተጠራው ካህን ገና አልደረሰም፤ ዱፍሬቲ መዘግየቱ ጓደኛውን የቤተ ክርስቲያንን የመጨረሻ መጽናኛ እንዳያሳጣው ይፈራል፣ ፍርሃቱንም ይነግረዋል። መልሱ «ያ ምን ለውጥ ያመጣል?» ነው። ስለዚህ «ምን አለበት?» ይሁን። አጭር ነው፣ ለፍርሃቱ በቀጥታ ይመልሳል።

«በጸጋ» ላይ ያለችው «በ» ደግሞ ጸጋን መሣሪያ ታደርገዋለች፦ ሁሉ የሚሆነው በጸጋ አማካይነት ነው እንደማለት። ሰውየው ያለው ከዚያ ይበልጣል። መዘግየቱ፣ ክህነቱን በተወ ሰው ቤት መሞቱ፣ ሁሉ ራሱ ጸጋ ነው። ቃሉ ከቤርናኖስ በፊት የሊዝዮዋ ቅድስት ቴሬዝ ነው፤ በ1897 በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች ምስጢራትን መቀበል ታላቅ ጸጋ እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ካልፈቀደው ግን ያም መልካም እንደሆነ ተናግራ ነው ሁሉ ጸጋ ነው ያለችው። ጉዳዩ አንድ ነው፤ ያለ ምስጢራት መሞት። ስለዚህ «ምሕረት»፣ «በረከት» የሚሉት አይጠጉም። በፈረንሳይኛ ሦስት ቃል፣ በአማርኛም ሦስት ቃል፦ «ሁሉ ጸጋ ነው።» ጸጋን በ«ጸ» ጀምረው ከሆነ እስከ መጨረሻ በ«ጸ» ይጻፉት።

የማታ ተመልካች፦

በዚህ ላይ መጨመር ያለበት፦ ከብሬሶን በፊት ዣን ኦራንሽና ፒየር ቦስት ይህንኑ መጽሐፍ ለፊልም ጽፈውት ነበር፣ ቤርናኖስ አልተቀበለውም። ያኔ የፊልም ሐያሲ የነበረው ፍራንስዋ ትሩፎ በ1954 እንደገለጠው የእነርሱ ስክሪፕት የሚያልቀው ከመጽሐፉ መሀል በተወሰደ ሌላ ንግግር ነበር፤ ሰው ሲሞት ሁሉም ነገር ይሞታል በሚል። ሁለቱን መጨረሻዎች ጎን ለጎን ሲያዩ «ሁሉ» የምትለው ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ይገባል። «ሁሉም ነገር» ብለው አያርዝሟት።

ፍሬም24፦

ለዚያ ቦታ የሰዓት ምክር። ዱፍሬቲ ስለ ቄሱ ሞት የጻፈው ደብዳቤ በድምፅ ሲነበብ ስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር መስቀል ብቻ ነው፣ በነጣ መደብ ላይ፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ። ቅድም ያልኩት ወፍራም ጠርዝ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ሁለት መስመር ሆኖ የመስቀሉን እግር የሚነካ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት ወይም በአንድ መስመር ይቁረጡት። «ምን አለበት?» እና «ሁሉ ጸጋ ነው።» በሁለት የተለያዩ ሰብታይትሎች ይምጡ፤ አብረው ከወጡ ዓይን ሁለተኛውን ከድምፁ ቀድሞ ያነበዋል። ሁለተኛው ድምፁ ሲያልቅ ከአንድ ሴኮንድ በላይ አይቆይ። የተርጓሚውን ስም ደግሞ ብዙዎች የሚያስቀምጡት እዚያ ባዶ መስሎ በሚታየው መስቀል ላይ ነው። እዚያ አይሁን፤ መጀመሪያ ላይ የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር በሚያልፍበት ያስገቡት።